ሻይ ያልነካው ክራንቻ

ዴዝሞንድ ፌርሊ በቫምፓየር ፊልሞች ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ሞቷል። ዌሊንግተን ውስጥ፣ ከመጋዘንነት ወደ ስቱዲዮነት በተቀየረው አዳራሽ፣ በቀይ ከፋይ በተለበጠ የሬሳ ሣጥን ውስጥ ሞቶ ሲገኝ ግን ባልደረቦቹ መጀመሪያ የሳቁት የሚቀልድ መስሏቸው ነው።

መርማሪ ሜሬያና ቱሂዋይ ስትደርስ የሜካፕ ባለሙያው ታቪታ ሌኦታ በርጩማ ስቦ ከሬሳው አጠገብ ተቀምጧል።

«ብቻውን መተው አልሆነልኝም» አላት።

«ደግ አድርገሃል። ተቀመጥ።»

ከሣጥኑ ሥር የተጋመሰ የወተት ሻይ አለ። የሟቹ ምላስ በሻይ ቀልሟል፤ ሁለቱ ረጃጅም ክራንቻዎች ግን እንደ ወረቀት ነጭ ናቸው። ሜሬያና ጓንቷን አጥልቃ በጣቷ ስትነካቸው ተንቀሳቀሱ።

«ይሄን የምታስረው በምንድን ነው?»

«በማጣበቂያ ዱቄት። ያለሱ ‹ደምህን ልጠጣው› ሊል አፉን ሲከፍት ጭኑ ላይ ይወድቅበታል።»

«ሻይ ሲጠጣስ?»

«ያወልቀዋል፤ ትኩስ ነገር ማጣበቂያውን ይፈታዋል።» ታቪታ ዙሪያውን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ ዴዝሞንድ የላይኛው ጥርሱ የለም። ክራንቻውን የሠራሁለት ከሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ጋር ነው። ሲያወልቀው ጉንጩ ስርጉድ ይላል። ከእኔና ከኮሊን በቀር ሰው ባለበት ከሚያወልቅ ተጠምቶ ቢውል ይመርጣል።»

ኮሊን አስፒኖል የፊልሙ ደራሲ ነው፤ ከዴዝሞንድ ጋር ሠላሳ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሯል፤ ሕጉ ሲፈቅድላቸውም ተጋብተዋል።

ዳይሬክተሩ ብሬንት ሃሊዴይ ግን ስለ ጥርሱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። «በዚያ ዕድሜ እንደዚያ ያለ ጥርስ!» አለ። «እኔ በአርባዬ ሦስት አስነቅያለሁ።»

«ዛሬ ምን ልትቀርጹ ነበር?»

«መጨረሻውን። ሁለቱ ሽማግሌ ቫምፓየሮች ፀሐይ ወጥታባቸው ተቃጥለው ያልቃሉ። ኮሊን የጻፈው ሌላ ነበር፤ ‹ቆሻሻ የማውጣት ተራው የአንተ ነው፣ የአንተ ነው› ሲባባሉ ይነጋና መጋረጃውን ዘግተው ይተኛሉ። ለሦስት መቶ ዓመት የተዋደዱ ሁለት ወንዶች፣ በቃ ይተኛሉ! ማን ይስቃል? ሲቃጠሉ ግን አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል።»

«ዴዝሞንድ ምን አለ?»

«እሺ አለ። እሱ መቼ እምቢ ብሎ ያውቃል?»

ኮሊን መኪናው ውስጥ የዴዝሞንድን ካፖርት ታቅፎ ተቀምጧል።

«ዘጠኝ ጊዜ ሲሞት አይቻለሁ» አላት። «ሁሌም ወንድ የሚወደው ቫምፓየር እሱ ነው፤ ሁሌም መጀመሪያ የሚሞተው እሱ ነው። ሰው ይስቃል። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ? አንድ ጊዜ እንኳ በሕይወት ይቆይ ብዬ ነው ይሄን የጻፍኩት።»

«ዛሬ ጠዋት አግኝተውታል?»

«አልገባሁም። እዚሁ መኪና ውስጥ ነበርኩ።»

የሐኪሙ ውጤት ሲመጣ ሜሬያና ሦስቱንም በባዶው ሣጥን ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ሻዩ ውስጥ የራሱ የልብ መድኃኒት በብዛት ሟሙቶበታል» አለች። «ሻዩን ሲጠጣ ክራንቻው አፉ ውስጥ አልነበረም፤ ምላሱ ቀልሞ ክራንቻው ነጭ ነው። ማጣበቂያም የለውም። ስለዚህ ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው ነው ያደረገለት። ለምን? ገዳይ እጁን ታጥቦ ይሄዳል እንጂ የሟች ጥርስ አይመልስም። የሚመልሰው ያ ፊት ሰርጉዶ ሰው እንዳያየው የሚሳሳ ብቻ ነው።»

«እኔን አትዪኝ» አለ ብሬንት። «ጥርስ እንደሌለው አሁን መስማቴ ነው።»

«አውቃለሁ። ታቪታ ያውቅ ነበር፤ ግን ጠዋቱን ሙሉ የአጃቢ ተዋንያንን ፊት ሲቀባ ሁሉም አይተውታል፤ ደግሞ እሱ ያለ ማጣበቂያ አያስርም። ዴዝሞንድ አፉን ባዶ አድርጎ ሻይ የሚጠጣው ሌላ ማን ፊት ነው? ኮሊን፣ እርስዎ መኪናው ውስጥ አልነበሩም።»

ኮሊን አልካደም።

«ለመንኩት» አለ። «‹እምቢ በላቸው፤ አንተ እምቢ ካልክ መጨረሻው እንደጻፍኩት ይቀራል› አልኩት። ‹ሳቅ ነው እኮ ውዴ› አለኝ። እሱ ከሌለ ማንን ያቃጥላሉ? ፊልሙ ላይ እንኳ ይኖራል አልኩ። ሻዩን አጣጥሞ ‹ስኳሩን አበዛኸው› ብሎኝ ተኛ።»

ብሬንት ሣጥኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። መናገር አልፈለገም፤ ግን ተናገረ።

«ለእሳቱ ፊት አያስፈልግም፣ ኮሊን። አንተ አሞህ ቤት በዋልክበት ቀን ታቪታ የሠራውን አሻንጉሊት አቃጥለን ጨርሰናል። የቀረን ጩኸቱ ብቻ ነበር፤ እሱን ማንም ይጮኸዋል። ዴዝሞንድ ነው ‹አትንገሩት፣ ይከፋዋል› ያለን።»

ሜሬያና ካቴናውን አወጣች፤ ኮሊን እጁን ሰጣት። ዓይኑ ግን ታቪታ ላይ ነበር።

«አሻንጉሊቱ ሲቃጠል ሳቁ?» አለው።

ታቪታ አቀረቀረ።

«ሳቅን» አለ።