ኢሞጀን ያልመጣችበት ሐሙስ

ከብራንት ጋር የተዋወቅነው ባሕሩን ስንሳደብ ነው።

የሞገድ ትንበያው አምስት ቀን ሙሉ «አውሎ ነፋሱ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ሞገድ ይልካል» እያለ ሲያስጎመጀን ሰነበተ። እኔም የሥራ ተራዬን ለምኜ ቀይሬ፣ የሞገድ መጋለቢያ ቦርዴን መኪናዬ ጣራ ላይ አስሬ፣ ከኖርፎክ ሦስት ሰዓት ነድቼ ሃተራስ ደሴት ስደርስ ባሕሩ እንደ ትሪ ተዘርግቷል። የመኪና ማቆሚያው ግን ጢም ብሏል። ከኒው ጀርሲ ድረስ የመጡ ነበሩ። አንዱ ትንበያውን የከፈተበትን ስልክ ወደ ባሕሩ ዘርግቶ፣ «ይኸው እኮ! እዚህ ላይ ትልቅ ነህ ይላል!» እያለ ይጮኻል።

አጠገቤ የቆመው፣ ፀሐይና ጨው ጸጉሩን ያነጣው ረጅም ልጅ ሳቀ።

«ባሕሩ ማንበብ አይችልም፤ ይቅር በለው» አለው።

«አንተን ምን ያስቅሃል?» አልኩት ተናድጄ። «እኔ ከኖርፎክ ነው የመጣሁት።»

«እኔ እዚሁ ነዋሪ ነኝ። የተታለልኩት መቶ እርምጃ ብቻ ነው።»

ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ። የአሳ ሳንዱዊች ገዛልኝ፤ አሸዋው ላይ ተቀምጠን በላን። የተሰበረ ቦርድ እየጠገነ እንደሚኖር ነገረኝ። እኔ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ አነሳለሁ። «እንግዲያው ሁለታችንም ስብራት ነው የሚያኖረን» አለኝ። ስሄድ እስከ መኪናዬ ሸኝቶኝ፣ በሩን ይዞ ቆመ። እኔም ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ይዤ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት የተዋደድነው በአውሎ ነፋስ ነው። እንደኛ ሞገድ የሚጋልብ ሰው ይህን ያውቀዋል። አውሎው ከቀረበ ድልድይ ይዘጋል፣ ቤት ይፈርሳል፤ ከራቀ ሞገዱን ለሌላ ይሰጣል። በመሐል ያለችውን ቀጭን መንገድ ይዞ ሲያልፍ ነው ለእኛ የሚሆነው። ትንበያው ይህን ቀድሞ አውቃለሁ ይላል። ሰኞ ያስፈነጥዝሃል፣ ማክሰኞ ይቀንሳል፣ ረቡዕ ያመነታል፣ ሐሙስ ባዶ ነው። ለከንቱ ሞገድ ብዬ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ቀርቶብኛል። «ምንም የለም» ብሎኝ ሥራ የገባሁ ቀን ደግሞ የዓመቱ ምርጥ ሞገድ መጣ። ያን ቀን ብራንት ደውሎ ስልኩን ወደ ባሕሩ ያዘልኝ። ራጅ ክፍሉ ጥግ ቆሜ ጩኸቱን አዳመጥኩ፤ ከጩኸቱ በስተጀርባ የሱ ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር።

ትንበያ ማየቴን ያን ጊዜ ተውኩ።

«ከእንግዲህ አንተን ነው የምጠይቀው» አልኩት። «የምትመኘውን ሳይሆን ዓይንህ ያየውን ትነግረኛለህ።»

«ቃል ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህም ቃሉን ጠበቀ። የለም ካለ የለም ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ጸደይ አባዬን ስትሮክ መታው። አባዬ የመርከብ በያጅ ነበር፤ ሞገድ መጋለብ ያስተማረኝም እሱ ነው። ቀኝ ጎኑን ወሰደው፣ ንግግሩንም ወሰደው። በየቀኑ ከሥራ ስወጣ የተኛበት ማገገሚያ እሱ ጋ ነበርኩ። ሰኔ ላይ ብራንት፣ «ናፍቀሽኛል፣ አንድ ቀን እንኳ ነይ» አለኝ። «አባዬን ለማን ጥዬ?» አልኩት። ሐምሌም እንዲሁ አለፈ። እሱ ሁለቴ መጣ፤ አባዬ አልጋ አጠገብ እጁን የሚያደርግበት አጥቶ ተቀምጦ ተመለሰ። ስልክ ላይ የምንናገረው እያነሰ ሄደ።

መስከረም ላይ ኢሞጀን የምትባል አውሎ ነፋስ ተነሳች። ሰው ሲያወራ እንደሰማሁት አንዱ ትንበያ ትልቅ ሞገድ አለ፣ ሌላው ምንም። በዚያው ሳምንት ዲያንድራ፣ አባዬን ንግግር የምታለማምደው ሴት፣ ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ።

«ሰሞኑን የአባትሽ ከንፈር ቃል እየፈለገ ነው» አለችኝ። «ብትችዪ አትራቂ።»

ረቡዕ ከሰዓት ለብራንት ደወልኩ።

«እውነቱን ንገረኝ። አባዬን ትቼ ነው የምመጣው። ኢሞጀን ትመጣለች?»

በስልኩ ውስጥ የባሕር ወፎች ሲጮኹ ይሰማኛል።

«እየመጣች ነው» አለኝ። «አድማሱ ላይ የሞገዱ መስመር ይታየኛል። ነይ።»

ለአባዬ ነገርኩት። በደህናው እጁ እጄን ወደ በሩ ገፋ ገፋ አደረገው፤ ዓይኑ እየሳቀ ነበር። ሄድኩ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ደረስኩ። አንዲት ሞገድ የለችም። ብራንት የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ዳር ቆሟል።

«ሌሊት መንገዷን ቀየረች፤ ትንበያው ነው» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

አልተናደድኩም። ለምጄዋለሁ። ሽሪምፕ ጠብሶ ነበር፤ ከአሸዋ ክምሩ ስር ተቀምጠን በላን። ከዚያ የእናቱን ቀለበት አወጣ።

«እንዲህ መራራቁ አልቻልኩም፣ ሎረል። አግቢኝ።»

«እሺ» አልኩት። ያን ከሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መካድ አልችልም።

ከአሸዋ ክምሩ ስር ኔትወርክ አይደርስም። ወደ ቤቱ ስንመለስ ስልኬ ተንጫጫ፤ ሰባት ያልተነሳ ጥሪ። ለዲያንድራ ደወልኩ።

«ሎረል፣ አባትሽ ተናገሩ!» አለችኝ፤ ድምጿ ግን ደስታ አልነበረውም። «ስምሽን ጠሩ። ‹ሎሪ የት ናት?› አሉ። ደጋግመው ጠየቁ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገን ነበር የምንደውልልሽ። አሁን ደክሟቸው ዝም ብለዋል።»

ወደ መኪናዬ ሮጥኩ። ጎረቤቱ ሽማግሌው ሃርላን ደጃፋቸው ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ።

«ምነው ልጄ፣ ለዚህ ባሕር ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሽው?» አሉኝ። «አውሎዋ እኮ ትናንት ጠዋት ወደ ምሥራቅ ታጠፈች። ከብራንት ጋር ቆመን አየናት። ‹አለቀላት፣ ሞገድ የለም› ያለኝ እሱ ራሱ ነው።»

ዞር አልኩ። ብራንት ቦርሳዬን ይዞ ቆሟል።

«እውነት ነው?»

መሬት መሬት አየ።

«ናፍቀሽኝ ነበር» አለ። «ያለ ሞገድ ነይ ብልሽ ትመጪ ነበር? ሰኔ ላይ ብዬሽ አልመጣሽም።»

አልመጣም ነበር።

«ትንበያ ቢያታልለኝ ማሽን ነው፣ እስቃለሁ» አልኩት። «አንተን ግን ‹አባዬን ትቼ ነው የምመጣው› ብዬ ጠየቅሁህ።»

ቀለበቱን መዳፉ ውስጥ አስቀመጥኩና ሄድኩ።

ስደርስ አባዬ ነቅቶ ነበር። አየኝ፤ አፉን ከፈተ፣ የግንባሩ ላብ እስኪወርድ ታገለ። ምንም አልወጣም። አራት ወር ኖረ፤ አንድ ቃል ሳይጨምር ሞተ። ዲያንድራን ድምፁ እንዴት ነበር ብዬ ስንት ጊዜ እንደጠየቅኳት አላውቅም። «ጎርናና» ትለኛለች፣ «ትንሽ የተቆጣ።»

ብራንት ለቀብር መጣ። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ወጥ ቤት ከኔ ጋር ሳህን አጠበ። ሳህኑን ሲቀበለኝ ጣቶቻችን ተነካኩ፤ ሰውነቴ አልረሳውም ነበር።

«ደሴቱን ልተወው» አለኝ በመጨረሻ። «እዚህ ኖርፎክ ሥራ አግኝቻለሁ። አንቺ ባለሽበት ልኑር። ይቅር ባትዪኝም ቅርብ ልሁን።»

ፊቱን አየሁት። ከስቷል። እወደዋለሁ፤ በዚያች ሰዓት እሺ ልል ነበር፤ ቃሉ አፌ ላይ ደርሷል።

እሱ ደግሞ የምለውን ፈርቶ ነው መሰለኝ፣ ወሬ ለመቀየር ያህል፣

«ውጭ መዝነብ ጀምሯል» አለ።

እኔም ሳላስበው ወደ መስኮቱ ዞርኩ። መጋረጃውን በእጄ ገለጥ አድርጌ አየሁ።

ይዘንባል። ተመልሼ ስዞር ብራንት እጄን እያየ ነበር፤ መጋረጃውን የያዘውን እጄን። የነገረኝን በዓይኔ ሳላይ ማመን እንዳቃተኝ ሁለታችንም ገባን። ፎጣውን አጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ግንባሬን ስሞኝ ወጣ።

አልጠራሁትም። መኪናው እስኪነሳ ድረስ መስኮቱ ጋ ቆምኩ።