ጀርባዋን የለካው ሰው

ልጅቷ ጀርባዋን ለሰው ካሳየች ድፍን ዐሥራ አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ስለዚህ በሃያ ስምንት ዓመቷ፣ «ከአንገቴ እስከ ወገቤ ልነቀስ ነው» ብላ የቆረጠች ቀን ከማንም በፊት የደነገጠችው ራሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አከርካሪዋ ከአንገቷ ጀምሮ ወደ ቀኝ ይሄድና ወገቧ ጋ ሲደርስ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ግራ ይመለሳል። ሐኪሞች «ለጤናዋ አያሰጋም» ብለው ከሸኟት ወዲህ፣ ልብስ ሰፊ የሆነችው እናቷ ጀርባው ሰፋ ያለ፣ አንድ ትከሻው በስፖንጅ የተደገፈ ቀሚስ እየሰፋች ሸፍናት ኖረች። ልጅቷም ሙያውን ከእናቷ ወረሰችና የራሷን ጀርባ ራሷ መሸፈን ጀመረች። ሙያው አልጎደላትም፤ መደበቁ ነው አንገሽግሿት የነበረው።

በጠማማው አጥንት ላይ ሐረግ እንዲነቀስላት ፈለገች። ለማንም አልተናገረችም፤ ለእናቷማ ጭራሽ።

ነቃሽ መምረጥ ባል ከመምረጥ የማይተናነስ ጣጣ ሆኖ አገኘችው። የመጀመሪያው ጀርባዋን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ። «አታስቢ፤ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ጣል እናደርግበትና መጣመሙን ማንም አያውቀውም» አላት። ሸሚዟን ቆልፋ ወጣች።

ሁለተኛው ቀና ብሎም አላያት። «እኔ የምሠራው አንበሳ ነው።»

«እኔ የፈለግኩት ግን ሐረግ ነው።»

«ታዲያ ምን ችግር አለ? አንበሳው ሐረጉ መሀል ይተኛላ!»

የሠራቸውን ጀርባዎች ከዳኑ በኋላ እንዲያሳያት ብትጠይቀው፣ ያለው ፎቶ ሁሉ ገና ቅላቱ ያልጠፋ ትኩስ ሥራ ነበር። ከዳነ በኋላ ምን እንደሚመስል እሱም ያወቀ አይመስልም።

ሦስተኛው ጋ የሄደችው ተስፋ ከቆረጠች በኋላ ነው። ሥራ ቦታው ከአንድ መነጽር ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ነቃሹን ሰው ሁሉ «ጭጭ» ይለዋል፤ ሲሠራ ቃል አይወጣውም። ስትገባ አልጋውን በአልኮል እየወለወለ ነበር። ገና ሳትጠይቀው ከዓመታት በፊት የሠራቸውን፣ የዳኑትን ጀርባዎች ፎቶ ዘረጋላት። ከዚያ የእሷን ጀርባ አየ። በጣም ቆየ።

«ቀኑን እንዴት ነው የምትውዪው?» አለ በመጨረሻ።

«እ?»

«ቆመሽ ነው ቁጭ ብለሽ?»

«ስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብዬ።»

«እንግዲያው ስትሰፊ ማየት አለብኝ። ቀጥ ብለሽ ቆመሽ ብስለው፣ ሥራሽ ላይ ስትቀመጪ ቅጠሉ ሁሉ ይጨማደዳል።»

«መጣመሙንስ ምን እናድርገው?»

ጭጭ ግራ ገባው። «ምን እናደርገዋለን? ሐረግ ቀጥ ብሎ ሲወጣ የት አይተሻል? ግንዱ እሱ ነው እንጂ።»

ክው አለች። ዐሥራ አራት ዓመት ያስጨነቃት ነገር እንዲህ የቀለለ መልስ ይኖረዋል ብላ በሕልሟም አላሰበችም።

የሥራ ጓደኞቿ ለምሳ ሲወጡ ጭጭ የምትሠራበት ስፌት ቤት ድረስ መምጣት ጀመረ። እሷ ስስ ሸሚዝ ለብሳ ትሰፋለች፤ እሱ ከኋላዋ፣ ከመተኮሻው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ይስላል። ፊት ለፊት ሳይተያዩ ወሬ ተጀመረ።

«ለመሆኑ ጭጭ ያለህ ማን ነው? እንዲህ እየለፈለፍክ!»

«እኔም ገርሞኛል። ወሬ የሚቀናኝ ከጀርባሽ ጋ ስሆን ነው።»

ሳቀች።

«አትሳቂ፣ ትከሻሽ ተነቃነቀብኝ» አለ።

በአራተኛው ቀን የእርሳሱ ድምፅ ድንገት ቆመ። እሷም መኪናዋን አቆመችና ዞር አለች። ዓይኖቹ ወረቀቱ ላይ አልነበሩም። ተያዩ። ሁለቱም እንደ ሌባ ደንግጠው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ የደንበኛ እጅጌ አፉ ተዘግቶ ተሰፍቶ ተገኘ። እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርታ አታውቅም፤ በዚያን ቀን ግን እንደወደደችው ገባት።

ቀኑ ደረሰ። ቅዳሜ ጠዋት ጭጭ ጀርባዋን አጥቦ ሐረጉ በቀለም የተሳለበትን ወረቀት ለጠፈበት፤ ሲያነሣው ሐምራዊው መስመር ቆዳዋ ላይ ቀረ። በሁለት መስታወት አየችው። አጥንቷ በሄደበት ሁሉ ሐረጉ ሄዷል። እንባዋ መጣ። በደረቷ ተኛች። ጓንቱን አጠለቀ፣ መርፌው መጮህ ጀመረ፣ ቀረበ። ከዚያ መርፌውን አጠፋው።

«አልችልም» አለ።

«ምን አልክ?»

«ይህን ጀርባ እኔ መሥራት አልችልም። አስተማሪዬ ትሥራልሽ፤ አሁኑኑ እደውልላታለሁ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው። ልጅቷ ጀርባዬ ቀፈፈው፤ ቀርቦ ሲያየው ቀፈፈው ብላ ደመደመች። «ቆይ ልንገርሽ» ሲል እሷ ሸሚዟን አጣምማ ቆልፋ፣ እግሬ አውጪኝ ብላ ደረጃው ላይ ነበረች።

ቤት ስትደርስ እናቷ ጨርቅ እየቀደደች ነበር። ላብ የልጅቷን ሸሚዝ ጀርባዋ ላይ ለጥፎት ሐምራዊው ሁሉ ይታያል።

«ቁሚ እስቲ! ምንድን ነው ይሄ?» እናት ሸሚዙን ገለበችና መቀሷ ከእጇ ወደቀ። «ኧረ ጉዴ! ተነቀሽ እንዴ አንቺ ልጅ?»

ልጅቷ እየተንሰቀሰቀች ሁሉንም ተናገረች። ከዚያ ቁጣውን ጠበቀች። ቁጣው አልመጣም። እናት መነጽሯን አደረገች፣ ከአንገቷ ሜትሯን አወረደች፣ ጀርባውን መለካት ያዘች።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዝም በይ። የግራ ትከሻሽ ከቀኙ ሁለት ጣት ዝቅ ይላል። ቅጠሉም ሁለት ጣት ነው የወረደው። እኔ ይህን ልክ እስካገኘው ስንት ቀሚስ ነው ያበላሸሁት! ጎንበስ በይ።» ጎንበስ አለች። «ቀና በይ። ጉድ እኮ ነው! አንድም ቦታ አይጨማደድም።»

እናት ሜትሩን እንደያዘች ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ስሚኝ ልጄ። አርባ ዓመት የሰው ልክ ወስጃለሁ። ሰው የቀፈፈውን ነገር እንዲህ አይለካም፤ ቶሎ ይጨርስና ይሄዳል። ይህ ልጅ ዓይኑን ከአንቺ ላይ አላነሣም።» ድምጿ ተሰበረ። «እኔ ሰው እንዳያይብሽ ስሸፍን፣ እኔው ራሴ ሳላይሽ ቀረሁ። አጥፍቻለሁ።»

ልጅቷ እናቷ «አጥፍቻለሁ» ስትል ሰምታ አታውቅም። ከጠዋቱ ጉድ ሁሉ ይህ በለጠባትና ድርቅ ብላ ቆመች።

«ምን ታፈጪብኛለሽ? ሂጂና ለምን እንደሆነ ጠይቂው! ሳትጠይቂ ፈርደሽ መጥተሽ። ብቻ ያንን ሸሚዝ ቀይሪ፣ አታዋርጂኝ።»

ጭጭ መነጽር ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ሲያያት ብድግ አለ።

«ጀርባዬ ቀፎህ ነው?» አለችው፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ምን?!» ፊቱ አመድ መሰለ። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ? መርፌው ቆዳሽን ሊነካ ሲል እጄ ተንቀጠቀጠ። ስምንት ዓመት ስሠራ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። የተሳሳተ መስመር ደግሞ አይመለስም። አንቺ ላይ ከምሳሳት ብቀር ይሻላል ብዬ ነው።»

«ለምን ተንቀጠቀጠ?»

ዝም አይነቅዝም ብሎ የኖረ ሰው ነው። እሷ ግን ጠበቀችው፤ መንገደኛው መሀላቸው እያቋረጠ አለፈ።

«ስለምወድሽ ነዋ!» አለ በመጨረሻ። ጩኸቱ ራሱንም አስደነገጠው። የመነጽር ቤቱ ሻጭ አንገቷን አወጣች። ከላይ ደግሞ መስኮት ተከፈተና አንዲት ሽበታም ሴት ብቅ አለች።

«እፎይ! ተናገረው!» አለች የጭጭ አስተማሪ። «በሉ ውጡ፤ ከጠዋት ጀምሮ ጓንት አድርጌ የምጠብቀው ለመቼ ነው?»

አስተማሪው ወረቀቱን እንደገና ለጥፋ ሥራዋን ጀመረች። እጇ ፍንክች አይልም። ጭጭ ከአልጋው ራስጌ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የልጅቷን እጅ ያዘ። የመጀመሪያው መስመር አንገቷ ሥር ሲያርፍ ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች፤ ስትገልጥ እየተያዩ ነበር።

«አሁንም እጅህ ይንቀጠቀጣል» አለችው በሹክሹክታ።

«ይቅርታ፣ ልልቀቅሽ?»

«አትልቀቀኝ። እዚህ ምንም አያበላሽም።»