ማንም ያላሰረው ሰዓት

ዋና ሳጅን ቦጋለች ልጅ ሳለች ጊንጪ ገበያ ከእናቷ ጀርባ ቆማ ሁለት ነጋዴዎች ሲከራከሩ ሰምታ ነበር። «ዋጋው ተቆርጦ የለም? ለምን ትጨምርበታለህ?» ይላል አንዱ። «ዕቃውንማ ማንም ይሸጠዋል፤ እኔ የምሸጠው የሰውን ጉጉት ነው» ይላል ሌላው። ዕቃው ምን እንደነበር ረስታዋለች፤ የሰውዬው ሳቅ ብቻ ቀርቷል። የሂርጳን ሬሳ ባየች ጠዋት ያ ሳቅ ጆሮዋ ላይ መጣባት።

ሂርጳ አምቦ ውስጥ የስዊስ ሰዓት ይሸጥ ነበር። ፋብሪካው ከቆረጠው ዋጋ በላይ ያስከፍላል፤ ገዢው ግን ወረፋ ይጠብቃል። አሁን ሱቁ ውስጥ ተዘርግቷል፤ የካዝናው ጠርዝ ማጅራቱን ፈንክቶታል። ካዝናውን ከእሱ ሌላ የሚከፍቱት ወንድሙ ነገራና ሰዓት ጠጋኙ ሚልኬሳ ናቸው። ሚልኬሳ ታስሯል፤ የሟች ሚስት ጣቢታ በገበያው መሃል «ገዳይ!» ብላ ጮሃበታለች።

«ሲገድለው አይተሻል?» አለቻት ቦጋለች።

«ነገራ ነው ‹ከእሱ ሌላ ማን ይጠላዋል› ያለኝ።»

«ነገራ ትናንት የት ነበር?»

«ለልጁ ሚስት ሊጠይቅ ከሽማግሌዎች ጋር ጉደር ሄዶ ነበር። እዚያው አድሬ ጠዋት ገባሁ ነው ያለው።»

ቦጋለች ካዝናው ውስጥ ካሉት ሣጥኖች አንድ የወርቅ ሰዓት አወጣች። አዲስ ሰዓት ላይ የሚለጠፈው የመስታወቱ ላስቲክ አልተላጠም። ጆሮዋ ላይ ስታስጠጋው ግን ይሄዳል። ከሰንሰለቱ መጋጠሚያ በመርፌ አንድ ነገር ጎትታ አወጣች፤ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ የሆነ የሣር ቁራጭ።

ይህን ሰዓት ለመግዛት ወረፋ ሲጠብቅ የከረመው መምህር ቀጀላ ነበር።

«ትናንት ማለዳ ‹እስቲ ልሰረው› ስለው ‹አንዴ ከታሰረ አሮጌ ነው› ብሎ ነጠቀኝ» አለ።

«አሁን ይሄዳል፤ ባትሪው ጥሩ ነው መሰለኝ።»

ቀጀላ ሳቀ። «ምን ባትሪ አለው ሳጅን! የክንድ እንቅስቃሴ ነው የሚያስኬደው። ትናንት ሳየው ቆሞ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ቦጋለች ነገራን፣ ቀጀላንና የሚልኬሳን ሚስት ጂቱን በሐዘንተኛዋ በጣቢታ ጓዳ ሰበሰበቻቸው።

«ማሎ፣ እባክሽ ሳጅን፣ ባሌን አስፈቺልኝ!» አለች ጂቱ።

«ስሚኝ እህቴ። ይህን ሰዓት ትናንት አንድ ሰው አስሮት ውሏል። ሚልኬሳም መምህሩም አይደሉም፤ ሁለቱም በክንድ እንቅስቃሴ እንደሚሄድ፣ ሳያቆሙት ከመለሱትም እንደሚያጋልጣቸው ያውቃሉ። ያሰረው ሰው ሰዓት ሁሉ በባትሪ የሚሄድ መስሎት ሲወስደው ቆሞ እንደነበር አላስተዋለም። ሣሩስ? ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ነው ደጅ የሚቆመው። ኦቦ ነገራ፣ ጉደር አላደሩም፤ ሰዓቱን ሊመልሱ ማታውኑ መጥተዋል።»

ነገራ ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ። ሲለቅሰው የዋለው ወንድሙን ነው፤ ለቅሶውም የእውነት ነበር።

«ልጄ ከድሃ ቤት ነው እንዳይባል ብዬ ነው ያሰርኩት። ስመልሰው ወንድሜ ደረሰብኝ። ‹አስረጀኸው፣ አሁን ማን ይጨምርበታል!› ብሎ አነቀኝ። ገፋሁት። ያልተነካ እንዲመስል ሣጥኑ ውስጥ መለስኩት።»

«ሚልኬሳንስ ለምን ወነጀልከው?» አለች ጣቢታ።

«እግዜር ይፍረድብኝ።»

ፖሊሶቹ ነገራን ይዘውት ሲወጡ ጂቱ አልተነሣችም።

«ባልሽ ይፈታል፤ ሂጂ እንጂ» አለቻት ቦጋለች።

«መፈታቱማ ይፈታል። ገበያ መሃል ‹ገዳይ› የተባለ ሰው ጋ ግን ማን ሰዓቱን ያመጣል? ልጆቼስ ምን ይበላሉ?»

ጣቢታ መሬት መሬት ታይ ነበር። ሐዘን ላይ የተቀመጠች ሴት አርባ ሳይወጣ ገበያ አትወጣም፤ አገር ያማታል።

«አገር ይማኝ» አለች በመጨረሻ። «ነገ ከጣቢያ እጁን ይዤ በገበያው አሳልፈዋለሁ። በጮህኩበት ቦታ ቆሜ፣ እግሩ ላይ ወድቄ፣ ‹ዋሽቼበታለሁ› እላለሁ።»