የሰካራሙ ቀልድ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አስጎብኚው ሲሞት፣ በአሮጌው የሰዓት ግንብ አናት ላይ ከእሱ ሌላ አራት ሰዎች ነበሩ፦ ከሩቅ ከተማ ለጫጉላቸው የመጡ አናጢና ሚስቱ፣ የግንቡ ፎቶ አንሺ እና ሽማግሌው ዘበኛ።

የግንቡ ሰገነት የብረት አጥር በአንድ በኩል ጎዶሎ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት ተደግፎት ሳለ ተሰብሮ አብሮት ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ክፍተቱን የሚዘጋው ሰንሰለት ነው። መርማሪዋ ስትደርስ ሰንሰለቱ ተፈትቶ ከአንዱ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሏል። አስጎብኚው ከታች፣ ከድንጋይ ንጣፉ ላይ፣ ጨርቅ ተሸፍኖ ተኝቷል።

መርማሪዋን የሥራ ባልደረቦቿ «ቀስ በሉ» ይሏታል፤ ከአፏ ስለማይጠፋ ነው። ወጣት ፖሊሶች ዘበኛውን ክንዱን ይዘው ሊያወርዱት ሲሉም ያንኑ አለች።

«ቀስ በሉ። ሽማግሌው ሮጦ የት ይደርሳል?»

«ሰንሰለቱን የሚጠብቀው እሱ ነው» አለ አንዱ ፖሊስ። «ሳይዘጋው ቀርቶ ነው ሰው የሞተው። መታሰሩ አይቀርም።»

«ዘግቼዋለሁ እመቤቴ!» አለ ዘበኛው። «ሟቹም ገና እንደ ወጣ ነቅነቅ አድርጎ አይቶታል። ሳያይ ውሎ አያውቅም፤ ነፍሱን እኮ ነው የሚያስደግፈው!»

«እንዴት አድርጎ?»

የመለሰላት ፎቶ አንሺው ነው። «ቀልድ ነበረው እትዬ። እዚህ ስለወደቀው ሰካራም። እንግዶቹን እያየ፣ እየተንገዳገደ፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ይሄዳል። ወገቡ ሰንሰለቱን ሲነካ ‹ዋይ እናቴ!› ብሎ ይጮኻል። ከዚያ ሳቅ ነው።»

«አንተስ ትስቃለህ?»

«እኔማ እጠላዋለሁ። በደንበኞቼ ፊት ‹ይሄ ዕውር ፎቶ አንሺ› ይለኛል። ተጣልተናል፣ አልዋሽም። ግን ልግደለው ብል ኖሮ በካሜራዬ አናቱን እለው ነበር። ካሜራዬ አሳዝኖኝ ተውኩት።»

«ቀልዱን ለአንድ እንግዳ ሁለት ጊዜ ይናገራል?»

«ካልለመኑት አይደግምም። ይኮራበት ነበር።»

ዘበኛው የቀረውን ነገራት። አስጎብኚው የሰዓቱን ባለጥርስ መዘውሮች ሊያሳያቸው ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገብቷቸው ነበር። ሁሉም በየምክንያቱ ወጣ ገባ ብለዋል። በመጨረሻ አስጎብኚው ከባልና ሚስቱ ጋር ወደ ሰገነቱ ወጣ፤ ፎቶ አንሺው ዕቃውን ሊሰበስብ ክፍሉ ውስጥ ቀረ፤ ዘበኛው በደረጃው አፍ ቆመ። ነፋስ ስለነበረ ምን እንደተባባሉ አልሰማም።

«የሰንሰለቱን መቆለፊያ መክፈት ማን ያውቃል አባባ?»

«እኔና ሟቹ ብቻ። ተጭነው ካልጠመዘዙት አይከፈትም። ለማንም አሳይቼ አላውቅም» አለና ወለሉን አየ።

መርማሪዋ ባልየውን ለብቻው ጠራችው። የአናጢ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶታል።

«ግንቡን ስታዩ ዛሬ መጀመሪያችሁ ነው?»

«አይደለም። ከአውቶቡስ እንደ ወረድን፣ ሻንጣችንን እንደ ተሸከምን መጥተናል። ሙዚየም አለ፣ ወንዙ ላይ ጀልባ አለ ብላት፣ እሷ መጀመሪያ ግንቡን አለች። ከዚያ በኋላ ያላዞርኳት ቦታ የለም። ግን ጀልባ ላይ አትስቅ፣ ሙዚየም ውስጥ አታወራ። ዛሬ ደግሞ ‹ግንቡን ልድገመው› አለች። ሙሽራ ጠይቃ እምቢ ይባላል?»

«ቀልዱን እንዲደግመው ማን ለመነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ስልክህን ስጠኝ።»

ፎቶዎቹን ካየች በኋላ ሙሽሪትን አስገባቻት። ልጅቷ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። አላለቀሰችም።

«ቀልዱ ስለ ምን ነበር ልጄ?»

«እዚህ ስለወደቀ ልጅ ነው።»

«ያስቃል?»

«ባሌን አስቆታል።»

መርማሪዋ ሁሉንም ሰገነቱ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ቀስ ብለን እንሂድ» አለች። «ክፍቱ ሰንሰለት ብቻውን አይገድልም። ወደዚያ በጀርባው የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። እሱን ያስኬደው ቀልዱ ነው። ስለዚህ ቀልዱን የለመነ ሰው ሰንሰለቱን ፈትቷል። ዘበኛው ደረጃው ላይ፣ ፎቶ አንሺው ውስጥ ነበሩ። የቀሩት ባልና ሚስት ናቸው።»

ወደ ዘበኛው ዞረች። «አባባ፣ ውሸትህ ሊያሳስርህ ነው። በዚህ ስልክ ላይ ሙሽሪት በመጡበት ዕለት ክፍተቱ ውስጥ ቆማለች፤ ሰንሰለቱ የለም።»

«ይቅር በይኝ! ያለ ሰንሰለት ፎቶ ልነሳ ብላ ለመነችኝ። አከፋፈቱን ጠየቀችኝ፣ ደስ ይበላት ብዬ አሳየኋት። ያን ዕለት ከቀልዱ በኋላ ነው።»

«ጥሩ። አንተ ደግሞ አናጢው፣ ቀልዱን የለመንኩት እኔ ነኝ ብለሃል። አስጎብኚው በወደቀበት ደቂቃ ያነሳኸው የዛሬው የመጨረሻ ፎቶ ግን ሚስትህ ናት። ለምነህ ላስጀመርከው ቀልድ ጀርባህን ሰጥተህ ሚስትህን ፎቶ ታነሳለህ?»

መርማሪዋ ስልኩን ወደ እሱ አዞረች።

«ፎቶው ላይ ዓይኖቿ ካንተ ትከሻ በላይ አልፈው ያያሉ። አስጎብኚውን እያየች ነው። ሰው ወደ ገደል በጀርባው ሲሄድ ያየ ሁሉ ይጮኻል። አንቺ አልጮኽሽም ልጄ፤ ትጠብቂ ነበር። ደግሞ ሌሎቹ ‹ሰካራም› ያሉትን አንቺ ‹ልጅ› አልሽው። ማንሽ ነበር?»

«ወንድሜ» አለች። «መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። አጥሩ መበስበሱን እያወቀ ‹ተደገፍና ፎቶ ተነሳ› ያለው ያ ሰውዬ ነው። ከዚያ ‹ሰክሮ ነበር› ብሎ መሰከረበት። እናቴ የሰካራሙ እናት እንደተባለች ሞተች። ስመጣ ልገድል አልመጣሁም፤ ወንድሜ የቆመበትን ልቆምበት ነበር። እሱ ግን ፊቴ ላይ ወንድሜን ሆኖ ተንገዳገደ። ‹ዋይ እናቴ› አለ። በእናቴ!»

«አላወቅሁም እኮ!» አለ ባሏ። «ብትነግሪኝ...»

«ስቀህ ነበራ። ዛሬ ‹ፎቶ አንሳኝ› ብዬ ጀርባህን ያስዞርኩህ ሁለተኛ እንዳትስቅበት ነው።»

«ይቆጭሻል?» አለች መርማሪዋ።

«እጄ አልነካውም። ቀልድህን ድገምልኝ አልኩት፣ ደገመው። ዛሬ አሳቀኝ።»

ፖሊሶቹ ሙሽሪትን ይዘዋት ወረዱ። ዘበኛው ሰንሰለቱን ዘጋና ወደ ቤቱ ሄደ። አናጢው በማግስቱ ሁለቱንም ሻንጣዎች ይዞ ብቻውን አውቶቡስ ተሳፈረ።