ከጋቢው ጀርባ ያሉት አራት ደቂቃዎች

ይህ ነገር ከእግሩ እስከ ራሱ እውነት ነው። ከዋሸሁ፣ ከደጎሎ እስከ መካነ ሰላም በጭነት መኪና፣ ያውም ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጬ ልሂድ። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ከዚህ የከፋ መሐላ አይጠይቀኝም።

ጋሽ ዋለ ሞተው የተገኙት ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገበያው ጥግ ባለችው ቪዲዮ ቤታቸው ውስጥ ነው። ኢንስፔክተር በለጥሻቸው ተጠርታ ስትደርስ አስከሬኑ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተንጋሎ፣ ከራስ እስከ እግር በራሳቸው ጋቢ ተሸፍኗል። ገለጥ አድርጋ አየች። ማጅራታቸው ተፈንክቷል፤ የቴሌቪዥኑ ብረት መቆሚያ ጠርዝም ደም ነክቶታል። ከቁስሉ ይልቅ ዓይኗን የያዘው ጋቢው ነበር። ጫፉ በእግራቸው ሥር በጥንቃቄ ተጠቅጥቋል። ገዳዩ ማንም ይሁን፣ ከገደለ በኋላ አዝኗል አለች በልቧ።

የዚህን ጋቢ ነገር የማያውቅ የመካነ ሰላም ሰው የለም። አገሩ ሁሉ ፊልም በስልኩ ሲያይ ጋሽ ዋለ በአሮጌ ዴክ አንድ የድሮ የፍቅር ካሴት ቅዳሜ ቅዳሜ ያሳዩ ነበር። የካሴቱ መጀመሪያ ስለተበላ ርዕሱን የሚያውቅ የለም፤ «የወደቡ ፊልም» ይሉታል። የወደብ ሠራተኛና የሰው ሚስት ይዋደዱና ተያይዘው ይሸሻሉ፤ ሆቴልም ይገባሉ። የመኝታ ክፍሉ በር ሲከፈት ጋሽ ዋለ ይነሱና ድምፁን ይዘጋሉ፤ ጋቢያቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ይጥላሉ። ከዚያ፣ ተመልካቹን የሚያንገበግበው ይህ ነው፣ የራሳቸውን ጭንቅላት ከጋቢው ሥር አስገብተው አራት ደቂቃ ሙሉ ብቻቸውን ያያሉ። ሲወጡ ዓይናቸው ይቀላል። ጋቢው ሲነሳ ሴትዮዋ ባቡር ጣቢያ ቆማ ታለቅሳለች። በአራቱ ደቂቃ ውስጥ ምን እንዳለ ከተማው ሃያ ዓመት ተከራክሯል።

የዚያን ቀንም ክርክሩ ከሮ ነበር። የሚኒባስ ሹፌሩ አለምነው ተነስቶ፣ «ዛሬ ጋቢውን ካላነሱት እኔ ነኝ የማነሳው» ብሎ በሰው ፊት ዛተ። ልክ የሆቴሉ በር ሲከፈት መብራት ጠፋ። ተመልካቹ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ ወደ ገበያው ተበተነ፤ ጋሽ ዋለ ብቻቸውን ቀሩ። መብራቱ አሥር ሰዓት ላይ ሲመለስ እሳቸው በሕይወት አልነበሩም።

አለምነው ወዲያው ታሰረ። የሟች ወንድም ልጆች ከገጠር ዱላ ይዘው መጥተው ጣቢያው በር ላይ ተቀመጡ። ሰኞ ጠዋት ወደ ፍርድ ቤት ሲወጣ እንደማይተርፍ እሱም፣ ጠባቂዎቹም፣ በለጥሻቸውም ያውቃሉ። የቀራት እሑድ ብቻ ነው።

ጠዋት እስር ቤት ገባች። አለምነው አልተቀመጠም፤ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል።

«ፊልሙን ምን አስጠላህ?»

«ፊልሙን መች ጠላሁት? ስስታቸውን ነው እንጂ። ዋናውን ለብቻቸው ይዘው ለእኛ ለቅሶውን ይተዉልናል።»

«መብራት ሲጠፋ የት ሄድህ?»

«ሚኒባሴ ውስጥ ተኛሁ።»

«ማን አየህ?»

«ተኝቼ ማን እንዳየኝ በምን ልወቅ፣ ኢንስፔክተር?»

ከዚያ ቪዲዮ ቤቱ ጎን ሻይ ወደምትሸጠው ወደ ሰርካለም ሄደች። አስከሬኑን መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። ስለ ፊልሙ ስትጠየቅ ለሴትዮዋ ጥብቅና ቆመች፤ ባሏ ስታናግረው እንኳ ጋዜጣውን አያወርድም፣ እኔ ብሆን ወደቡ ድረስ በእግሬ እሄድ ነበር አለች። አራቱን ደቂቃ ግን ጋቢው ይወቀው ብላ ተወችው።

«መብራት እንደመጣ ምን ሰማሽ?»

«ወላሂ እልልታ ሰማሁ። ወጥቼ ባይ ሠርገኛ የለም። እኛ በዐቢይ ጾም፣ እነ ሙሐሲን በረመዳን፣ ማን ነው የሚዳረው ብዬ ገበያውን ዞሬ ስመለስ የጋሽ ዋለ በር ገርበብ ብሏል።»

በለጥሻቸው ብዕሯን አቆመች። ያንን እንደገና አስነገረቻት።

የመጨረሻው አቶ አካሉ ናቸው፤ ከመዝገብ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ቪዲዮ ቤቱ በነውር ምክንያት እንዲዘጋ ሰባት ዓመት ፊርማ ያሰባሰቡ ሽማግሌ። ለማስረጃ ነው እያሉ ግን አንድ ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም፤ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ደብተር ይዘው ይቀመጣሉ። እርግማን ስትጠብቅ፣ ባርኔጣቸውን በጣታቸው እያሽከረከሩ፣ «ፊልሙ ነውር የለበትም። አቤቱታውንም ቀድጄዋለሁ» አሏት።

«ነገ ሊያስገቡት አልነበረም እንዴ?»

«ከሞተ ሰው ጋር ምን ክርክር አለኝ፣ ልጄ?»

እኩለ ቀን ላይ ቪዲዮ ቤቱን ከውስጥ ቆልፋ ካሴቱን አየች። ስትወጣ ሰርካለም ቤት ገብታ ፊቷን ታጠበች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ሰበሰበች፤ ሰርካለምን፣ አቶ አካሉን፣ የዘወትር ተመልካቾችን፣ እጁ የታሰረውን አለምነውን። የሟች ወንድም ልጆችም ከኋላ ቆሙ። ካሴቱን ከሆቴሉ በር አስጀመረችና፣ «ዛሬ ጋቢ የለም» አለች። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አንድ የቤተ ክህነት ሰው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ፤ ጣታቸውን ግን አልገጠሙትም።

በሩ ተከፈተ። ምስሉ ተርገበገበና ክፍሉን እልልታ ሞላው። ሰፊ ኮት የለበሰ ወጣት ሙሽራ፣ አጠገቡ አንገቷን የደፋች ሙሽሪት። ወጣቱ ጋሽ ዋለ ናቸው። እሷ እፀገነት ናት፤ ሠርጓ ዓመት ሳይሞላው የሞተችው። ሠርጉን የቀረጸው ሰው ባዶ ካሴት አጥቶ ፊልሙ ላይ ቀድቶታል። ክፍሉ በሙሉ ብድግ አለ።

«ሃያ ዓመት የሸፈኑት ሚስታቸውን ነው» አለች በለጥሻቸው። «አንድም ነውሩ እንደሌለ ካወቃችሁ አትመጡም፤ አንድም እሷን ሌላ ሰው እንዲያይባቸው አልፈለጉም። እንግዲህ ስሙኝ። መብራት ሲመጣ ዴክ በራሱ አይነሳም፤ ሰው ነክቶታል። ጋሽ ዋለ ሁልጊዜ ድምፁን ይዘጋሉ፤ ትናንት ግን እልልታው ውጭ ተሰማ። ስለዚህ የነካው ሌላ ሰው ነው፣ እሳቸውም መከልከል አልቻሉም። ካሴቱን ያገኘሁት ባቡር ጣቢያው ላይ ቆሞ ነው፤ ያ ሰው አራቱን ደቂቃ አይቶ ጨርሷል። ያየ ሰው ደግሞ ነውር እንደሌለ ያውቃል።» ዞረች። «በአንድ ሌሊት ስለዚህ ፊልም ሐሳቡን የለወጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሐዘን ነው ብዬ ልተወው ነበር። አሁን ግን እልልታው ሲመጣ ሁላችሁም ስትደነግጡ እኔ ፊታችሁን ነበር የማየው። አንቱ አልደነገጡም፣ አቶ አካሉ።»

ሽማግሌው ከመቀመጫቸው አልተነሱም።

«ነገ አቤቱታውን ሳስገባ በዓይኔ አየሁ ብዬ መማል ነበረብኝ» አሉ። «በጓሮ ገብቼ፣ መብራት ሲመለስ አንድ ጊዜ አሳየኝ አልኩት። ካሴቱን ከነዴኩ አቀፈብኝ። ስጎትተው ወደቀ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መብራት መጣ።»

የአለምነው እጅ ተፈታ። የሟች ወንድም ልጆች ወደ ሽማግሌው ፈቅ ሲሉ ፖሊሶቹ መሐል ገቡ። አቶ አካሉ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው አለቀሱ።

ይህን ለቅሶ እኔ ነኝ የጨመርሁት። ሌላው ሁሉ እውነት ነው። አቶ አካሉ አላለቀሱም። እጃቸው ሲታሰር ቀና ብለው፣ «ለመሆኑ ኢንስፔክተር፣ ሠርጉ ከመቀዳቱ በፊት እዚያ ላይ ምን ነበረ?» ብለው ጠየቁ። ለመውጣት ሲጣደፍ የነበረው አለምነው ሳይቀር በሩ ላይ ቆሞ መልሱን ጠበቀ።