ከቸርኬው ላይ የተፋቀው እርሳስ

እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ጎማ እለጥፋለሁ፣ እቀይራለሁ፣ ባላንስ አደርጋለሁ። በዚህ ሥራ ብዙ ዓይነት ሰበብ ሰምቻለሁ፤ እንደ መንቀጥቀጥ ሰበብ የሚበዛበት የመኪና ሕመም ግን አላየሁም። አንዱ «መንገዱ ነው» ይላል። ሌላው «መኪናም ሲያረጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንደ ሰው ነው» ብሎ ይስቃል። ራዲዮኑን ከፍ አድርጎ የሚነዳም አለ፤ ድምፁን ካልሰማው ሕመሙ የለቀቀው ይመስለዋል። ሁሉም ወደ እኔ የሚመጡት ጎማው ከፈነዳ በኋላ ነው። ዛሬ የማወራላችሁ ሰው ግን ጥፋቱን በመንገዱም በመኪናዋም አላላከኩም፤ በገዛ ራሳቸው ላይ አላከኩት። ታሪኩን የምነግራችሁ ፈቅደውልኝ ነው። «ንገራቸው፣ ሌላው እንደ እኔ እንዳይሞኝ» ብለውኛል።

ከሱቄ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ሁለት ወንበር ያለው ፀጉር ቤት አለ። ባለቤቱ ስልሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ጺሜን አሥር ዓመት ሙሉ በምላጭ ሲላጩኝ አንድ ቀን እንኳ አልቧጨሩኝም። ንጽሕና ነፍሳቸው ነው። ማበጠሪያው በቁመቱ ይደረደራል፣ ፎጣው በአራት ይታጠፋል፣ ወንበር ሳይጠርጉ አይቀመጡም።

ሚስታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል። አንዲት ልጃቸው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ባለ ከተማ ትኖራለች። እናቷ ካረፉ ከጥቂት ወራት በኋላ ወንድ ልጅ ስትወልድ ጋሼ አንድ ነገር አስጠነቀቋት። «የዚህን ልጅ የመጀመሪያ ፀጉር የምቆርጠው እኔ ነኝ። ማንም መቀስ እንዳያስጠጋበት!» ለደንበኛው ሁሉ ይህንኑ ሲያወሩ ከረሙ። ለሕፃኑ ብለው ትንሽ መቀስ ገዝተው በጨርቅ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡ።

የከበዳቸው ቅዳሜ ነበር። ሱቁን በጊዜ ዘግተው ቤት ሲገቡ የሚያናግራቸው የለም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት እዚያው ሱቃቸው በር ላይ መኪናቸውን ማጠብ ያዙ። ማጠብ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ መኪና ማንሻ ክሪክ ገዝተው ጎማውን እየፈቱ፣ ጎማው የሚታሰርበትን ብረት፣ ቸርኬውን፣ ከውስጥም ከውጭም ይወለውሉት ጀመር።

«ጋሼ፣ ይቺን መኪና ሊድሯት ነው እንዴ?» እላቸዋለሁ ከማዶ።

«ጥሎሹ ካላነሰ ምን ይታወቃል!» ብለው ይስቃሉ።

በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ጠዋት ወደ ልጃቸው ይሄዱ ነበር። ከዚያ መሄድ ተዉ። መኪናዋ ቅዳሜ ታጥባ እሑድ እዚያው ቆማ ትውላለች። እሳቸው በሹፌሩ ወንበር ተቀምጠው፣ ሞተሩን ሳያስነሱ፣ ራዲዮ ያዳምጣሉ። አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ ሚስታቸው ይቀመጡበት የነበረው ትራስ እንደነበረ ነው። ልጅቱስ ስንላቸው «ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላሉ። የትኛው ሥራ? ፊት ለፊት ነኝ፣ አያለሁ፤ ሁለተኛው ወንበር ጋዜጣ ተሸክሞ ነበር የሚውለው። ምላጭ መያዝም አቁመው ሁሉንም በማሽን መላጨት ጀመሩ። እኔ ደግሞ ሰነፉ ብዬ አለፍኩ። መንገዱን ተሻግሬ «ጋሼ፣ ምን ሆነዋል?» ብዬ አልጠየቅኩም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ሳልናገረው ባልፍ ደስ አይለኝም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት የፊት ግራ ጎማቸው ሚስማር ወጋው። ክሪኬን ይዤ ተሻገርኩና ፈታሁት። ቸርኬው ከውስጥ በኩል ፊት ያሳያል። ጎማው ግን ቦታ ቦታ ተበልቷል፤ አንዱ ጋ ሙሉ ነው፣ አንዱ ጋ ሽቦው ሊወጣ ደርሷል።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና ከከተማ ስትወጣ አትንቀጠቀጥም?»

እጃቸውን የነጭ ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ።

«መኪናዋ አይደለችም፤ እኔ ነኝ» አሉ።

«እንዴት ማለት?»

«አባቴም ፀጉር ቆራጭ ነበር። እኔ አሁን ባለሁበት ዕድሜ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መቀሱን ከእጁ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። አምና ወደ ልጄ ስሄድ፣ ሰማንያ ላይ ስደርስ እጄ መሪው ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሄጄ ሻይ ስትሰጠኝ ጣቶቼ ደንዝዘዋል፤ ሲኒው ተንቀጫቀጨብኝ። ሳታየኝ ቶሎ አስቀመጥኩት። በቃ፣ ደረሰብኝ አልኩ።»

«እዚህ ሲሠሩስ?»

«እስካሁን የለም። ግን ይመጣል። የሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ይዤ ከሚመጣብኝ ብዬ ምላጩን ተውኩት።»

«ለልጅዎ ነገሯት?»

«ምን ብዬ? ሕፃን ታቅፋ በላዩ የእኔን በሽታ ልጫንባት? ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም? ቢያንስ ሐኪም አያዩም ነበር?»

«ሐኪሙ አዎ ቢለኝስ?» አሉ።

የቀኙንም ፈትቼ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች እያንከባለልኩ ወደ ሱቄ ወሰድኩ፤ ጋሼም ተከተሉኝ። አንዱን ባላንስ ማድረጊያው ላይ ሰቀልኩት። ማሽኑ ዞሮ ሲቆም ስልሳ ግራም ይጎድላል አለ። ሁለተኛውም ከዚያ የተሻለ አልነበረም። እንዲህ ያለ ቁጥር የማየው ከስንት አንዴ ነው።

«ጋሼ፣ ጎማ ክብ ስለሆነ እኩል ይመዝናል ማለት አይደለም» አልኳቸው። «አንዱ ጎኑ ይከብዳል። ያንን ለማመጣጠን ቸርኬው ላይ ትንንሽ የእርሳስ ብረት እንለጥፋለን። እርሳሱ ከሌለ ከተማ ውስጥ ቀስ ሲሉ አይታወቅም፤ ሲፈጥኑ ግን መሪው እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ሁለት ሰዓት ከያዙት ጣትም ያደነዝዛል። የእርስዎ እርሳሶች የት ሄዱ?»

«እነዚያ ግራጫዎቹ?» አሉ ቀስ ብለው። «ከውስጥ በኩል የተደረደሩት?»

«አዎ።»

«ፋቅኋቸው።»

«ምን አደረጓቸው?»

«ጎማ ገጣሚው ረስቶት የሄደ ቆሻሻ መስሎኝ! ቸርኬው ይጥራ ብዬ በአሮጌ ምላጭ አንድ በአንድ ፋቅኋቸው።»

ሳቅኩ። አልዋሽም፣ መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ፊታቸውን አየሁና ሳቄን አቆምኩ። ያ ወንበር ሳይጠርግ የማይቀመጥ ሰው በነጭ ጋዋኑ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል። «ዓመት ሙሉ» አሉ። «ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ እዚያ ወንበር ላይ…» ብለው አልጨረሱትም።

የተበሉትን ጎማዎች በአዲስ ቀይሬ፣ እርሳሱን ለጥፌ፣ አብረን ወደ ዋናው መንገድ ወጣን። ሰማንያ ገባን፣ ዘጠና ገባን። መሪው ዝም ብሏል። አንድ እጃቸውን ለአፍታ አንስተው ከፍተው አዩት፤ እንባቸው ወረደ። ያም ሆኖ ሐኪም ሳያዩ እንዳይቀሩ ለመንኳቸው፤ እኔ የማውቀው የጎማ በሽታ ብቻ ነው። በማግሥቱ ሄዱ። ሐኪሙ መርምሮ እጃቸው ጤነኛ መሆኑን ነገራቸው።

ከሐኪም ቤት በቀጥታ እኔ ጋ መጥተው ለልጃቸው ደወሉ። አንዱንም ሳይደብቁ ነገሯት። እሷ ስትናገር እኔም እሰማ ነበር።

«አባዬ፣ እኔ እኮ የተቀየምከን መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ምን አጥፍተን ይሆን እያለ እንቅልፍ አጣ። ለምን ዝም አልክ?»

«ሞኝነት ነው፣ ልጄ። የልጁ ፀጉርስ?»

«ዓይኑ ውስጥ እየገባ አስቸገረው፣ አባዬ። ስንት ወር ጠበቅንህ። ባለፈው ወር አስቆረጥነው።»

«ደግ አደረጋችሁ» አሉ። ስልኩን ከዘጉ በኋላም ጆሯቸው ላይ እንደያዙት ቆዩ።

እሑድ ጠዋት ሄዱ። ሰኞ ሱቃቸውን ሲከፍቱ ተሻግሬ እንዴት ነበር አልኳቸው። «ልጁ አላወቀኝም» አሉ። «ልስመው ስል አልቅሶ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀ። መኪናዋ እጄን ነበር ያንቀጠቀጠችው፤ ከልጅ ልጄ የለየኝ ግን ዝምታዬ ነው።»

ወገኖቼ፣ መሪያችሁ ሲንቀጠቀጥ በራዲዮ አትሸፍኑት፤ አስመርምሩት። የማታውቁትን ነገር ከመፋቃችሁ በፊት የሚያውቀውን ጠይቁ። ከመኪና ያለፈ ነገር ሲያስፈራችሁም ብቻችሁን ፈርዳችሁ አትቀመጡ፤ ለሰው ንገሩ። ለጎረቤትም የምለው አለኝ፤ ታጥቦ የማይሄድ መኪና ስታዩ መንገዱን ተሻግራችሁ ጠይቁ። እኔ አሁን እሻገራለሁ። ጺሜን የሚላጩኝም እንደ ድሮው በምላጭ ነው።

ጋሼ አሁን እሑድን ሳይሄዱ አያሳልፉም። ትንሿን መቀስ ግን እስካሁን ከጨርቋ አላወጧትም። «መጀመሪያ ይልመደኝ፤ ፀጉሩ እንደሆነ ያድጋል» ይላሉ። ባለፈው እሑድ አመሻሽ ላይ ሲመለሱ ሱቄ በር ላይ አቆሙና መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። የሚስታቸው ትራስ ላይ ግማሹ የተበላ ብስኩት ተቀምጧል።

«በእጁ ነው የሰጠኝ» አሉኝ። «ዛሬ አላለቀሰም።»