ሳይጠይቃት የፈታው ስፌት

«ሜትር የለህም እንዴ?»

«አለኝ። ላንቺ ግን አያስፈልገኝም።»

ቆራጩን ያወቀችው እንዲህ ነበር። ልብስ ስፌት ድርጅቱ ውስጥ አዲስ ሠራተኛ ሲገባ የሥራ ጋዋን ይቆረጥለታል፤ ለዚያ ደግሞ እጅን ዘርግቶ ቆሞ መለካት ደንብ ነው። እሱ ግን ከመቁረጫው ጠረጴዛ ማዶ ሆኖ ከላይ እስከ ታች አንዴ አያትና መቀሱን አነሳ። ስፌት መኪና ላይ የነበሩት ሴቶች ተጠቃቀሱ። እሷ ደሟ ፈላ። በማግስቱ ጋዋኑን ስትለብሰው ልክክ አለላት፤ ያኔ ደግሞ የባሰ ተናደደች።

«እንዴት ነው?» አላት።

«ይጠበኛል» ብላ ዋሸች።

«አይጠብሽም» አለና እየሳቀ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እውነቱን እናውራ ከተባለ ልቧ የሸፈተው እዚያው ላይ ነው። ከሰው ጋር ብዙ ስለማታወራ መጠሪያዋ ራሱ «ጭምቷ» ሆኖ ቀርቷል። እንዲህ ያለች ሴት፣ ሳትናገር የሚያውቅላት ሰው ስታገኝ ምን ታድርግ? ሲበርዳት ሳትጠይቀው መስኮቱን ይዘጋል። ሲከፋት ከፊቷ ላይ አንብቦ ሻይ ይዞላት ይመጣል። ፍቅር ማለት ይሄ ነው አለች፤ አፍ ሳይከፈት መደማመጥ። አልተሳሳተችም ማለት አይቻልም፤ ግን ማን ይፈርድባታል?

ታላቅ እህቷ እዚያው ድርጅት ውስጥ ካውያ ላይ ትሠራለች። እናታቸው ስትሞት የራሷን ኑሮ ትታ ያሳደገቻት እሷ ናትና «እትዬ» ብላ ነው የምትጠራት። እትዬም ቆራጩን ትወደዋለች። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፤ «ለመሆኑ የምትጋቡት መቼ ነው?»

ጭምቷ ግን መጀመሪያ የምትፈልገው ሌላ ነገር ነበር። አለቃቸው አንድ ሠራተኛ መርጦ ሌላ ከተማ ለአንድ ዓመት ሥልጠና ይልካል፤ የልብስ ቅርጽ ወረቀት ላይ ማውጣት ለመማር። ዘንድሮ የተመረጠችው እሷ ናት። ስትሰማ መጸዳጃ ቤት ገብታ በደስታ አልቅሳለች።

የወር አበባዋ የቀረው በዚያው ሰሞን ነው።

መጀመሪያ ድካም ነው አለች። ማለዳ ማለዳ ማቅለሽለሽ ሲጀምራት ግን ራሷን ማታለሉ አላዋጣም። ለማንም ሳትነግር ጤና ጣቢያ ሄደች። ያገኘቻት አዋላጅ ፀጉሯ የሸበተ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ነበረች። ውጤቱን ነገረቻትና በሩን ዘጋችው።

«ያስገደደሽ ሰው አለ?»

«የለም። እወደዋለሁ።»

«ደግ። እንግዲህ ስሚኝ። ያሉሽን መንገዶች እነግርሻለሁ እንጂ አልመርጥልሽም።» ወንበሯን አስጠጋች። «ወልደሽ ማሳደግ ትችያለሽ፤ ከአባቱ ጋር ወይም ያለ አባቱ። ያን ከመረጥሽ ክትትሉን አሁኑኑ እንጀምራለን። ወልደሽ ማሳደጉ ካልሆነልሽ በሕጋዊ መንገድ ለሚያሳድግ ቤተሰብ መስጠት አለ። እሱም ቀላል አይደለም፤ ቁጭ ብለን እናወራበታለን። ላቋርጠው ካልሽም ሕጉ በሚፈቅደው መሠረት እዚሁ በባለሙያ ይደረጋል። ገና ስለሆነ በመድኃኒት ይሆናል። ብቻ አደራሽን፣ መንደር ውስጥ እኔ አውቃለሁ ከሚል ሰው ቤት እንዳትሄጂ። ከዚያ የመጡትን ተቀብያለሁ።»

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

«እኔ አንቺን አይደለሁም የኔ ልጅ። አስቢበት። የምታምኚው ሰው ካለም አማክሪ። ጊዜ አለሽ፤ ብዙ ግን አይደለም።»

ከዚያ ስትወጣ ማልቀስም መሳቅም አሰኛት። አንዴ ልጁ የአባቱን ሳቅ ይዞ ዓይኗ ላይ ይመጣባታል፤ ወዲያው ደግሞ ሥልጠናው። የምታምነው ሰውማ አላት። እሁድ ሲገናኙ ሁሉንም ልትነግረውና አብረው ሊመክሩ ቆረጠች። በሕይወቷ እንደዚያ ብዙ ለማውራት ተዘጋጅታ አታውቅም።

እሁድ ግን አልመጣም። «ሥራ ያዘኝ፣ ሰኞ ታያለሽ» የሚል መልእክት ብቻ ላከ።

ሰኞ ጠዋት ጋዋኗን ከተሰቀለበት አንስታ ለበሰች። ለቀቅ ብሏታል። ሰሞኑን ደረቷ ላይ ይይዛት ስለነበረ ደስ አላት እንጂ ምንም አልጠረጠረችም። መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ክር ስታስገባ አጠገቧ ያለችው ቁልፍ ተካይ ጎኗን አተኩራ አየቻት።

ልብስ ሲሰፋ የዋለ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አያልፈውም። የተፈታ ስፌት ጠባሳ ይተዋል፤ ድሮ መርፌው የሄደበት ቀዳዳ ተደርድሮ ይታያል፣ ውስጥ ተደብቆ የነበረው ጨርቅም ከሌላው ይልቅ ደማቅ ነው። የጭምቷ ጋዋን በሁለቱም ጎን ተለቆ እንደገና ተሰፍቷል። ያ ጥግግት ያለ ስፌት የማን እጅ እንደሆነም ቤቱ በሙሉ ያውቃል።

«አንቺ ጉደኛ፣ ስንት ወርሽ ነው?» አለቻት ቁልፍ ተካይዋ፤ በፍቅር ነው ያለችው።

ጎኗን ዳሰሰች። ጣቷ ቀዳዳዎቹን ሲነካ ሁሉም ነገር ገባት። መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ከዚያ «እንኳን ደስ ያለሽ» ከየአቅጣጫው መጣ፣ ሳቅም መጣ። ቀና ስትል ከአዳራሹ ዳር እትዬ ካውያዋን በእጇ አንጠልጥላ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

ያን ጠዋት እንዴት እንዳሳለፈችው አታውቅም። ለምሳ ሲለቀቁ ወደ መቁረጫው ክፍል ሄደች። እትዬ ቀድማት ገብታ ከቆራጩ ጋር ቁጭ ብለዋል፤ ነገሩን ጨርሰውታል።

«ነይ ግቢ» አለች እትዬ፤ ንዴቷ በርዶላት። «ተነጋግረናል። ወር ሳይሞላ ትጋባላችሁ። ቤትም አይቷል።»

«ማን ነገረህ?» አለችው እሱን።

«ማን ይነግረኛል? ዓይን የለኝም?» ፊቱ በደስታ በርቷል። «ጋዋኑ ሲይዝሽ አየሁ፣ ሲያቅለሸልሽሽ አየሁ። መንገሩ ቢያሳፍርሽ ነው አልኩ። እንደማውቅ እንድታውቂ ብዬ ቅዳሜ ጋዋንሽን ወሰድኩት። እሁድን ሙሉ በእጄ ስፈታው፣ በእጄ ስሰፋው ዋልኩ። ደስ አላለሽም?»

እሁድን ሙሉ። እሷ የምትነግረውን በልቧ ስታጠና በዋለችበት እሁድ። ክፉ አለመሆኑ ነው አንጀቷን የበላው፤ ክፉ ቢሆን ሰድባው ትወጣ ነበር።

«በሥልጠናው ደግሞ አትጨነቂ» አላት። «ጠዋት አለቃን አነጋግሬዋለሁ። ለሌላ ሰው ሰጥቶታል።»

የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ምን ምን አማራጭ እንዳለኝ ጠይቄያለሁ። እሁድ አብረን እንመክራለን ብዬ...»

«የምን አማራጭ?» ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «ልታስወርጂው ነበር?»

«ገና አልወሰንኩም ነበር። ላማክርህ ነበር።»

«ልጄ ነው! ምን ምክር ያስፈልገዋል?»

«ዝም በሉ» አለች እትዬ በሩን እያየች። «ሰው ይሰማል።»

«ሰውማ እኔ ሳልነግረው ሰምቷል እኮ፣ እትዬ።»

ከዚያ በኋላ ቆራጩ አኮረፈ። ሁለት ጊዜ ልታናግረው ብትሄድ ሁለቴም ጨርቁ ላይ አቀርቅሮ ቀረ። «ሐሳቧን ስትቀይር ትምጣ» ብሎ በእትዬ በኩል ላከባት። አለቃዋ ዘንድም ሄደች። «ተስማምታችሁ የላክሽው መስሎኝ ነው» አላት። አዘነላት፤ ቦታው ግን አልፏል።

በእልህ እንዳትወስን ፈራች። አዋላጇ ዘንድ ተመልሳ ሄደችና ያን ሁሉ ያላወራችውን አወራች። ልጅ ለብቻ ማሳደግ ምን እንደሚያስከፍል ከእትዬ ፊት ላይ ስታነበው ነው ያደገችው። ወልዶ ለሌላ መስጠትን አሰበችበት፤ ለሌላው ሴት ይሆናል፣ እሷ ግን እንደማትችለው ራሷን ታውቃለች። ማግባትስ? ሳትጠየቅ የምትኖርበት ቤት ውስጥ ልጅ ይዛ ስትገባ ራሷን አየች፤ ልቧ እምቢ አለ። ስትጨርስ አዋላጇ ጠየቀቻት።

«ይሄ ያንቺ ነው? የማንም አይደለም?»

«የኔ ነው።»

መድኃኒቱን በምትወስድበት ጠዋት ከቤት ስትወጣ እትዬ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ተከተለቻት።

«አልተስማማሁም» አለች እትዬ። «እወቂው፣ አልተስማማሁም። ብቻሽን ግን አትሄጂም።»

አዋላጇ የሚሆነውን ሁሉ አስረዳቻት፤ ሕመሙን፣ ደሙን፣ ከበዛ ወይም ትኩሳት ከመጣ ወዲያው መምጣት እንዳለባት። ሕመሙ ተነግሯት እንደነበረው ሆነና አለፈ። እትዬ ጀርባዋን እያሸች አጠገቧ ዋለች። ያን ቀን አለቀሰች፤ ተጸጽታ አይደለም። ብዙ ነገር አብሮ ስለሄደ ነው።

ሌላ ስፌት ቤት ሥራ አገኘች። ከድርጅቱ በለቀቀችበት ቀን ወደ ማታ ላይ ቆራጩ በሩ ጋ ቆሞ ጠበቃት። ከስቷል። እትዬ ፈንጠር ብላ ቆመች።

«ሰምቻለሁ» አለ። ድምፁ ተቆራረጠ። «ሳልጠይቅሽ... ያን እሁድ መጥቼ ጠይቄሽ ቢሆን፣ ምን ትይኝ ነበር?»

ልትዋሸው ትችል ነበር። በአንዱ ውሸት ልታቆስለው፣ በሌላው ልታጽናናው።

«አላውቅም» አለችው። «እኔም እሱን ነው የማስበው። እሺ ልል እችል ነበር። ላልልም እችል ነበር። አሁን ማናችንም አናውቀውም።»

እንባው ወረደ። እሷም አላስቻላትም፤ ይህን ሰው አሁንም ትወደዋለች፣ ነገሩን የሚያከብደውም ይሄው ነው።

«እንደገና እንጀምር?» አላት።

ልቧን ከዓይኗ ላይ ሊያነበው አልሞከረም። መልሷን ቆሞ ጠበቀ። ይህን ሲያደርግ ከተዋወቁ ጀምሮ የመጀመሪያው ነበር።

«አይሆንም» አለችው።

እጁን ጨበጠችው፣ ትንሽ ይዛው ቆየች፤ ከዚያ ከእትዬ ጋር ወደ ቤት ሄዱ።